ወራጅ አለ

አውቶቡሱ ቅር የተሰኘ ተሳፋሪ አይጭንም። ፊታችንን እያየ እርካታችንን ይለካል። አንዱ ሲከፋው መሀል መንገድ ላይ ይቆምና በሩን ከፍቶ በዚያ ለስላሳ ድምፁ «ወራጅ አለ» ይላል። ድሮ እንዲህ የምንለው መውረድ የፈለግን እኛ ነበርን።

የታናሽ እህቴ የውብዳር ባል ማረፉን የሰማሁ ጠዋት፣ ለቅሶ ለመድረስ መስታወት ፊት ቆሜ ፈገግታ ተለማመድኩ። ጥቁር ልብሴን ፌስታል ውስጥ ደበቅኩት።

ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣ ቆሜ ፈገግ እንዳልኩ ሄድኩ። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ እንባ አቀረሩ። ገላጣ ሜዳ ላይ ወረዱ፤ ማናችንም ዞር ብለን አላየናቸውም።

ድንኳኑ ውስጥ የምታለቅሰው ውብዳር ብቻ ነበረች። በአውቶቡስ የመጡት ለቀስተኞች ዙሪያዋን ፈገግ ብለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንቺ እንኳ አልቅሽልኝ» አለችኝ።

ሞከርኩ። ጉንጬ አልታዘዝ አለኝ። እንደምንም ከንፈሬ ተንቀጠቀጠና እንባዬ ዱብ አለ።

ከኋላዬ አንዲት ጎረቤት በሹክሹክታ «ወራጅ አለ» አለች።

ውብዳር ደንግጣ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ፈገግ አለች።