መብራት ሲሄድ አይሰናበትም

አንገቴን ሰገግ አድርጌ አጠገቤ የተቀመጠውን የባልደረባዬን የዝናቡን ስክሪን አያለሁ። ሁለቱ ጋላክሲዎቹ ተጠጋግተዋል፤ የአንደኛው ጫፍ ወደ ሌላው መሳብ ጀምሯል። የእኔዎቹ ገና ሩቅ ለሩቅ ናቸው።

ሰቆጣ፣ የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነን። የጋላክሲዎችን ግጭት በኮምፒውተር የሚያሰላውን ሶፍትዌር ለምንጠቀም ሰዎች የተዘጋጀ ዎርክሾፕ ነው፤ ዛሬ ያልቃል። አሰልጣኛችን ዶክተር ቅጣው ጠዋት ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረውናል። አዲስ አበባ ባለው ትልቅ ማሽን ላይ የመሥራት ፈቃድ ከዋግ የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እስከ ምሳ ግጭቱን ጨርሶ ጥርት ያለ ምስል ያሳያቸው ሰው።

ያ ፈቃድ የእኔ ነው። ማለቴ፣ የእኔ መሆን አለበት። እዚህ ከተማ ማንም ስሙን ሳይሰማ ከዚህ ሶፍትዌር ጋር በአሮጌ ላፕቶፕ ስታገል የኖርሁት እኔ ነኝ። መምህራን ክፍል ውስጥ «መስታወት፣ ዛሬስ ስንት ኮከብ አጋጨሽ?» እየተባለ የተሳቀውም በእኔ ነው። ዝናቡ ከአምደወርቅ መጥቶ ሲማር ፊዚክስ ያስተማርሁት እኔ፤ መምህር ሆኖ ሲመለስም አጠገቤ አስቀምጬ ሶፍትዌሩን ያሳየሁት እኔ። ባጎረስሁ እጄን ተነከስሁ እንዳልል፣ አልነከሰኝም። የሚያናድደኝም ይኸው አለመንከሱ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ ወንበር ስቦልኝ፣ የኪቦርዴን አቧራ በእጅጌው ጠርጎልኛል።

ስንት ኮከብ እንዳስገባ እንደ ዋዛ ጠይቄው ነበር፤ ሳይደብቅ ነገረኝ። እኔ እጥፉን አስገባሁ። ኮከብ ሲበዛ ምስሉ ይጠራል፤ ስሌቱ ግን ይንቀራፈፋል። ይኸው ተንቀራፈፈ።

ዶክተር ቅጣው ከዝናቡ ኋላ ይቆማሉ። ጎንበስ ብለው ያያሉ። «ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ» ይሉታል፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ «ይቀጥሉ» ብለው ያልፋሉ። ዎርክሾፑ ከተጀመረ ጀምሮ ለእኔ ያሏት ይህችኑ ነው።

ሶፍትዌሩ ካዘዙት በየመሀሉ እየቆመ የደረሰበትን ሴቭ ያደርጋል፤ ይህም ጊዜ ይበላል። ያለ እሱ ግን በእኛ አገር አይሠራም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ መጀመር ነው። «መብራት ሲሄድ አይሰናበትም፤ ሳታስቀምጡ አትሩጡ» እያልሁ ነው ተማሪዎቼን ሁሉ ያስተማርሁ። ከእኔ አፍ ይህን ያልሰማ የለም።

ስሌቱን አቆመዋለሁ። ገና ብዙ አልሄደም። የተቀመጠውን እሰርዛለሁ፣ ሴቭ የሚለውን ትእዛዝ አጠፋለሁ፣ እንደገና ከመጀመሪያው አስነሳዋለሁ።

አሁን ይበርራል። ጋላክሲዎቼ ይቀራረባሉ፣ ይነካካሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ ያልፋል። የዝናቡን ደረስሁበት፤ አለፍሁት። ደስታዬ እንዳያስታውቅብኝ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ዝናቡ ዞር ብሎ ያያል። «ፈጠነልዎት፣ ቲቸር» ይላል፤ ከልቡ ደስ ብሎታል። ማሽኑ ጥሩ ሆኖ ነው እለዋለሁ።

ወዲያው መብራት ይሄዳል።

የኮምፒውተሮቹ ጉምጉምታ ጭጭ ይላል። ከሌላ ከተማ የመጡት ሰልጣኞች ይንጫጫሉ፤ አንዱ ጠረጴዛውን ይመታል። ሴቭ አድርግ ብለው ስላላዘዙት ሁሉም ሥራቸው እንደጠፋ ገብቷቸዋል። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥቁሩን ስክሪን አያለሁ።

ጄኔሬተሩ ከውጭ ተንኳኩቶ ይነሣል። ኮምፒውተሮቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። የዝናቡ ጋላክሲዎች መብራት ሲጠፋ ከነበሩበት ጥቂት ወደ ኋላ ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ዶክተር ቅጣው ተገርመው እንዴት እንደተረፈለት ይጠይቁታል።

ዝናቡ ያፍራል፤ አማርኛው ሲያፍር የአፍ መፍቻው የኽምጣንጋ ዜማ ይበዛበታል። «ኧረ ዶክተር፣ ይኼ የኔ ብልሃት አይደለም። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መብራት ሲሄድ አይሰናበትም ይሉናል። የእሳቸውን ይዩት እንጂ፤ እኔን ቀድመውኝ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል። ዶክተር ቅጣው ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። የእኔን ለማየት መነጽራቸውን ያስተካክላሉ።

ስክሪኔ ላይ ሁለቱ ጋላክሲዎች በየማዕዘናቸው ቆመዋል። አንድም ኮከብ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገሬ ሰው። «የለም» ማለት አንድ ቃል ነው፤ አፌ ግን እንቢ ይላል።

ዝናቡ ብድግ ብሎ ይመጣል። ስክሪኑን አይቶ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ከዚያ ማውሱን ከእጄ ሥር በቀስታ ይወስዳል።

«ይኖራል፣ ዶክተር» ይላል። «ሌላ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ነው። እሳቸው ሳያስቀምጡ አይሮጡም።»

አሁንም እቀናበታለሁ። ሰውን እንዲህ አድርጎ ማመን ከየት አመጣው? ይህን እኔ አላስተማርሁትም።

አንዱን ፎልደር ይከፍታል፤ ባዶ ነው። ዘግቶ ሌላ ይከፍታል። ከኋላው፣ በራሱ ስክሪን ላይ፣ ሁለቱ ጋላክሲዎች ተዋሕደው አንድ እየሆኑ ነው። ዞር ብሎ አያያቸውም።