የኪራን የላይኛው ከንፈር

«ከሆርሞን መርፌው ወዲህ ምን ለውጥ አየህ?» አለች በእንግሊዝ አገር የኒውካስሉ የመድኃኒት ጥናት ነርስ ዌንዲ፣ መጠይቋን ከፍታ።

የኪራን እናት ቀደመችው። «ምንም! ልጄ በከንቱ ተበሳሳ። ዛሬውኑ ከጥናቱ ይውጣልኝ።» እግሯ ከወንበሩ ሥር አላርፍ ብሏል።

ኪራን አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶታል፤ የጡንቻ በሽታው ዊልቸር ላይ አስቀምጦታል፣ እጁንም አፉ ድረስ አያነሳም። የሚውጠው መድኃኒት ደግሞ ጉርምስናውን አዘግይቶ ፊቱን የሕፃን አድርጎ አስቀርቶታል፤ መርፌውም የታሰበው ይህን እንዲያስተካክል ነበር። እናቱ እጇም አላርፍ ሲላት መሐረቧን በምራቋ አርሳ፣ የጠዋቱን ቸኮሌት ከላይኛው ከንፈሩ ላይ ትፈትግ ጀመር። አልለቅ አላት። ጠበቅ አድርጋ ደገመችው።

«ኧረ እማ፣ በናትሽ ተይው!» ድምፁ መሀል ላይ ጎረነነ። «ሳምንቱን ሙሉ ፈተግሽኝ። ቸኮሌት አይደለም፣ ሪዜ እኮ ነው!»

መሐረቡ ከንፈሩ ላይ ቀረ።

«ዌንዲ፣» አለ ኪራን፣ «ጠርጋ ሳትጨርሰው ቶሎ ጻፊልኝ።»