ከቱቦው የተቀዳ ውሃ

የቆዳ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በሰፈሩ ሰው ፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨልጦ አፉን በመዳፉ ጠረገ።

«ወደ ወንዙ ከሚወርደው ቱቦአችን የተቀዳ ነው። ልጆቻችሁን ያለ ስጋት አጠጡ! ውሃውን የመረመረው ሌዘርም አምና ምንም አላገኘበትም» አለ።

ውሃ ውስጥ የገባ ብረትን በሌዘር ጨረር የሚለየውን መሣሪያዬን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ።

«አምና እርጥቡን ሲመታው ይረጭበት ነበር፤ አሁን ጠብታውን ወረቀት ላይ አድርቄ ስለማስመታው ቅንጣት ብረት አያመልጠውም» አልኩት።

«የት ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ?»

«የትም። አምና ያላገኙት የተማሩት ናቸው።»

ከብርጭቆው የተረፈውን ጠብታ አድርቄ መሣሪያው ውስጥ ከተትኩና ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። «ጉድ! የቆዳ ማልፊያው ብረት፣ ክሮሚየም፣ ሞልቶበታል!»

«ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። «ይሄን እኮ ዛሬ ጠዋት ከሱቅ ነው ያስገዛሁት!»

ሰፈርተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እስከዚያ ጠፍቶ የነበረውን ሌዘር ያበራሁት ገና ከዚያ በኋላ ነው።