የሳሎን ባሕር እንቦጭ

«አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት… አሥራ ስድስት!» አለች ሪሃብ፣ ግንባሯን ከመስተዋቱ ሳታነሣ። «እማ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት እኮ አንድ ብቻ ነበረ!»

ሐጃ አሪፋ ፍራሻቸው ላይ ተመቻችተው ሙስበሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። ዚክር ላይ ያለ ሰው አይጠየቅም።

የምራታቸው የሪሃብ ነገር እንዲህ ነው። ሌላዋ ሙሽራ ድስትና ምንጣፍ ይዛ ትገባለች፤ ይቺ፣ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ዓባይ ማዶ እሳቸው ቤት የገባችው የመስተዋት ሣጥን አስጭና ነው። ያን የሚያህል ጣና አፍንጫዋ ሥር ተንጣሎ፣ እሷ ሳሎን ውስጥ ጨው እየበጠበጠች ሌላ ባሕር ትሠራለች። በባሕሯ ውስጥ አንድ ቢጫ ዓሣና አንድ ኮራል አለ። ሐጃ አሪፋ መርጃን ይሉታል። እሳቸው መርጃን የሚያውቁት ባንገታቸው ነው፤ ቀይና ደረቅ ዶቃ። የሪሃብ ግን ነፍስ አለው። ድንጋይ ላይ ተጣብቆ፣ የሕፃን ጣት የመሰሉ አፎቹን አውጥቶ ይበላል። አባቷ በእጃቸው ቆርሰው የሰጧት ነው። እሳቸውም አፈር ከለበሱ ሦስት ዓመታቸው፤ ሌላ የሚልክላት የለም።

መርጃኑ ጣቶቹን ከሰበሰበ አራት ቀን ሆነው። ግራ ጎኑ እንደ አጥንት ነጥቷል። ሪሃብ የምትቆጥረው ቡናማ፣ ጸጉራም፣ አበባ መሳይ አረም ዙሪያውን ከቦ ይነድፈዋል።

«ይኼ አረም ሲበጠስ ቁራጩ ሁሉ ይበቅላል» አለች ሪሃብ። «ያንን አንዱን ያልነካሁት ለዚያ ነበር። የሆነ ነገር በጥሶታል።»

«ዓሣው ነዋ።»

«ዓሣው?»

«ዓይኑን አታይውም? የሌባ ዓይን!»

«ዓሣ እኮ እጅ የለውም፣ እማ።»

«አፍ አለው። እጅ ካጠፋው አፍ ያጠፋው አይበልጥም?»

ሪሃብ አልሳቀችም። ሎሚ ልትጨምቅ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ሐጃ አሪፋ ቀና ብለው ግድግዳውን አዩ። በጎርጎራ በኩል ለእንቦጭ ዘመቻ የወጡ ጊዜ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ገብተው ሲነቅሉ ውለው፣ የተሰጣቸው ወረቀት በመስተዋት ተሰቅሏል። ማኅተሙን ያውቁታል፤ ጽሕፈቱን አያነቡትም። የነቀሉት ክምር ሳይደርቅ እንቦጩ ውሃው ላይ መልሶ ማበቡን ወረቀቱ ይናገር አይናገር አያውቁም። ብቻ አረም ሲያዩ እጃቸው አያርፍም። ሪሃብ ልታስተምር ወደ ኮሌጅ በሄደችበት ቀን የእሾህ ወረንጦአቸውን ይዘው፣ ክዳኑን አንሥተው፣ ከመርጃኑ ሥር የበቀለችውን አንዲቱን አበባ ጎተቷት። ተበጣጠሰች። ከወረንጦው ያመለጠች አንዲት ቁራጭ ወደ ድንጋዩ ጀርባ ስትወርድ በዓይናቸው አይተዋል። ለሪሃብ ውለታ ሊውሉ ነበር።

ሪሃብ የሎሚውን ውሃ በጨርቅ አጥልላ ትልቅ ሲሪንጅ ሞልታ ተመለሰች። «ኮምጣጣው አረሙን ከውስጥ ያቃጥለዋል። ግን አፉ ውስጥ መግባት አለበት፤ ከደነገጠ ይሸጎጣል።»

ሲሪንጁን ውሃው ውስጥ ከተተች። የመጀመሪያው አበባ ገና መርፌው ሳይደርስበት ቀዳዳው ውስጥ ጥልቅ አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ መርፌው ስቶ መርጃኑ ከመወጋት ለጥቂት ተረፈ።

«ተይ! ተይ! ልትገድይው ነው እንዴ?» ሐጃ አሪፋ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከመሳቢያ የስኳር መርፌያቸውን አወጡ። «ያንቺው የበሬ ነው። ይኸው፣ ቀጭን። አሥራ አንድ ዓመት ሆዴን ስወጋ አንድ ቀን ስቼ አላውቅም።»

የሎሚውን ውሃ ሞልተውበት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ቢስሚላህ ብለው እጃቸውን ከተቱ። በፊት ለፊት አልሄዱበትም። ዶሮ እንደሚይዝ ሰው፣ ወደ ሌላ የሚሄዱ መስለው ከጎን ቀረቡ። መርፌው ሲገባ አበባው አላወቀም። ቆይቶ ነጣ፣ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰ።

«አንድ» አለች ሪሃብ በሹክሹክታ።

የዐስር ሶላት አዛን ሲል ዘጠነኛው አበባ ላይ ነበሩ። ክንዳቸው ዛለ። ቀጠሉ።

«አሥራ ስድስት!» ሪሃብ እጇን አጨበጨበች። «አልሐምዱሊላህ! አለቀ፣ እማ፣ እጅዎን ያውጡ።»

ሐጃ አሪፋ እጃቸውን አላወጡም። ዝም ቢሉ ማን ያውቃል። መርጃኑን አዩት፤ የነጣውን ጎኑን፣ ያልነጣውን ጎኑን።

«አላለቀም» አሉ። «ከጀርባ አንድ አለ። ከድንጋዩ ሥር፣ ስንጥቁ ውስጥ።»

ሪሃብ በግድግዳና በሣጥኑ መካከል እንደ ምንም ተሸጉጣ ገባች፤ የስልኳን መብራት አበራች። ከፊት ለቆመ ሰው የማይታይ ስንጥቅ ነው። አሥራ ሰባተኛው እዚያ ነበር። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ አለፈ።

ስትወጣ ትከሻዋ ኖራ ነክቶታል። ወደ አማቷ ዞራ አላየችም፤ የቀረውን ሎሚ አንሥታ ለሁለት ሰነጠቀችው።

«ዓሣው ነው ያሉኝ» አለች።

«ዓሣው ነው ብያለሁ።»

«እሺ። እንግዲያስ ይንገሩልኝ። ሌላ ጊዜ መንቀል ሲያምረው መጀመሪያ እኔን ይጠይቀኝ።»

«እነግረዋለሁ» አሉ ሐጃ አሪፋ፣ የተሞላውን መርፌ እየተቀበሉ።

እጃቸውን መልሰው እስከ ክርናቸው ከተቱ። ቢጫው ዓሣ ምንም ሳያውቅ በክንዳቸው ሥር ሾልኮ አለፈ። ከመርጃኑ በቀኝ በኩል አንዲት ትንሽ ጣት ብቅ አለች፤ አልተመለሰችም።