የጠብ ማስረጃ ያጣው ቅሬ

የቅሬው ማመልከቻ ከኤምባሲው የተመለሰው ሰላም በዝቶበት ነው።

የቅሬው ጸሐፊ ውበቱ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ኤምባሲው በባህልና በሲቪል ማኅበራት ትብብር ስም አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጠው ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለሚያቀራርቡ ማኅበራት ነው። የመካነ ሰላሙ ቅሬ ደግሞ ሁለቱንም አብሮ ሲያስተዛዝንና ሲቀብር የኖረ እድር ነው። ጥፋቱ የውበቱ ነበር። በቅጹ ላይ «ከፕሮጀክቱ በፊት የነበረ አለመግባባት» በሚለው ክፍት ቦታ «የለም» ብሎ ሞላ። ኤምባሲው በአክብሮት መለሰለት፤ የሌለን ጠብ ማስታረቅ ከድጋፉ ዓላማ ጋር አይሄድም።

የቅሬው የለቅሶ ድንኳን ግን ተቀዶ አልቋል። ባለፈው ሐምሌ ለቀስተኛው ጃንጥላ ይዞ ነው የዋለው፤ የሟች እህት ጭቃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ውበቱ በዚያ ቀን፣ ሌላ ክረምት ሳይመጣ አዲስ ድንኳን እንደሚያቆም በሕዝብ ፊት ቃል ገብቷል። በማመልከቻው ላይ ድንኳኑን «ተንቀሳቃሽ የውይይት አዳራሽ» ብሎታል።

ስለዚህ ጠብ ያስፈልጋል።

ከየት ይምጣ? በቅሬው ደንብ የተኳረፈ አባል ይሰረዛል፤ የተሰረዘ ሰው ሲሞት ቀባሪው ቤተሰቡ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በመዝገቡ ላይ በሠላሳ ዓመት አንድም ኩርፊያ አልሰፈረም። ውበቱ አስቦ አስቦ ሁለት ሽማግሌዎች መረጠ። ሸህ ጀብሪልና ጋሽ ቢተው አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ቀብር ላይ ሁሌም ጎን ለጎን ይቆማሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አቋርጦት አያውቅም።

ሸህ ጀብሪል ደጃፋቸው ላይ ሙክታቸውን ሲያበሉ አገኛቸው።

«ሸህ፣ ከጋሽ ቢተው ጋር ሊጣሉልኝ ነው።»

«እኔ?»

«ለአንድ ቀን። ለድንኳኑ ሲባል።» የጠቡን መነሻና እርቁን ከጻፈባቸው ሁለት ወረቀቶች አንዱን ሰጣቸው።

ሸሁ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። «እሱ ምን አለ?»

«ገና አልነገርኳቸውም። ይጥሯቸውና እዚሁ እንነጋገራ።»

«አንተው ሂድና ንገረው። እኔ ሙክታዬን ላብላ።»

ውበቱ ዞሮ በጋሽ ቢተው በር ገባ። ጋሽ ቢተው ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ባለቤታቸውን እትዬ ሙሉሐረግን በዓይናቸው ፈለጉ።

«እኔ ምንም አላልኩም፤» አሉ እትዬ ሙሉሐረግ፣ ማንም ምንም ሳይላቸው።

ጋሽ ቢተው ወረቀቱን አነበቡ። ውበቱ ጠቡን የጀመረው ማሳ ጥሶ በገባ በሬ ነው።

«በሬ ሰው አያጣላም። ባሕር ዛፍ አድርገው። ጥላው ማሳ የሚያቀጭጭ።»

ውበቱ ወደ ሸሁ ሲመለስ እሳቸውም ወረቀቱን ዘረጉለት። «በሬውን ተወው። ባሕር ዛፍ ይሻላል።»

ውበቱ እንዲህ ሳይነጋገሩ የሚግባቡ ሰዎች አይቶ አያውቅም።

ልምምድ ሲላቸው ግን ሁለቱም እምቢ አሉ። «ቃሉን እናውቀዋለን» ብለው ላኩበት፣ ለየብቻ።

ውበቱ ማመልከቻውን አርሞ ላከ። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጠቡንና እርቁን ልታይ አንዲት የኤምባሲ ሴትዮ ትህትና ከምትባል አስተርጓሚዋ ጋር መጣች። በቀበሌው አዳራሽ ከፊት ተቀመጡ። ሸህ ጀብሪል ተነሡ።

«ዛፍህን ቁረጥልኝ ብዬ በሚስትህ ስንቴ ላክሁብህ?»

«ልከሃል። ራስህ ግን አልመጣህም፤» አሉ ጋሽ ቢተው። «አጥሩ ስንት ክንድ ሆኖ ነው መልክተኛ የሚያሻው?»

«ውሻህን ፈትተህብኝ በየት ልምጣ?»

«ያንተን ቂጣ በልቶ ያደገ ውሻ ምን ያደርግሃል?»

ውበቱ ወረቀቱን ገለበጠው። ውሻ የሚል የለበትም። እትዬ ሙሉሐረግ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትህትና መተርጎሙ ከንግግሩ ፍጥነት ጋር አልሄድ አላት።

«እናቴ ስትሞት እንኳ፣» አሉ ጋሽ ቢተው ድምፃቸው ወርዶ፣ «አላህ ያጽናህ አላልከኝም።»

ይኼኛው አደገኛ ነው። ሸህ ጀብሪል በዚያ ቀብር ቃሬዛ እንደተሸከሙ አገር ያውቃል፤ መዝገቡም ይመሰክራል። ሴትዮዋ መዝገብ ብትጠይቅ ድንኳኑ ቀረ ማለት ነው። እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ለትህትና አንድ ነገር ሹክ አለቻት።

«ጠቡ የምር ነው ወይ ትላለች፤» አለች ትህትና ወደ ውበቱ ዞራ።

ውበቱ መጪውን ክረምት አሰበ።

«የምር ነው፤» አለ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነጭ ውሸት ዋሽቶ አያውቅም።

እርቁ በወረቀቱ መሠረት ሆነ። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጋሽ ቢተው ትንሽ አመንትተው ጨበጡ፤ አልለቀቁም። ከዚያ አለቀሱ። ውበቱ እንዲቀንሱ በዓይኑ ጠቀሳቸው፤ ልቅሶ አልተጻፈማ። ሸህ ጀብሪል ዱዓ ሲያደርጉ ሁለት ጊዜ ቃሉ ጠፋባቸው። ሴትዮዋ ግን ማጋነኑን የታዘበች አትመስልም። ሦስት ገጽ ጽፋ ድጋፉ እንደሚጸድቅ ተናገረችና መኪናዋ ወደ አቀስታ አቀና።

ውበቱ እንግዶቹን ሸኝቶ አዳራሹን ሊቆልፍ ተመለሰ። ሰዉ ሁሉ ወጥቷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አንድ አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል።

«አባቶቼ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ትወና ማለት ይኼ ነው። በቃ፣ ሴትዮዋ ሄዳለች።»

አልሰሙትም።

«ጋሽ ቢተው፣ አልቋል እኮ፤ ወደየቤታችሁ ግቡ እንጂ።»

ሸህ ጀብሪል ፊታቸውን ሳያዞሩ በእጃቸው ገፋ አደረጉት።

«ዞር በልልን እስቲ ልጄ፤ ከተነጋገርን ስድስት ዓመታችን ነው።»