የአማከለች ተራ

«አልበላም አልኩ፣ አልበላም! ሰው በግድ ይጎርሳል እንዴ?» ይዘንጋሽ የምትፈትልበትን እንዝርት ጭኗ ላይ ጣለችው።

«ማን በግድ አለሽ? ተራዋ ነው አልኩ እንጂ» አለች ጥሩሸዋ። «ያንቺን ቤት በላን፣ የኔን በላን፣ ዛሬ ይኸው የአስካለ ማርያምን እየበላን ነው። የሚመጣው ወር የአማከለች ነው።»

«እንግዲያው የጠይብ ቤት ገብተሽ ብይና፣ ኋላ ልጆችሽን ታቅፈሽ አልቅሺያ!»

አማከለች እንደ ሁልጊዜው በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ነበረች። ሸክላ ሠሪ ናት። የቀየት ዙሪያ ሰው ሁሉ እንስራውንም ድስቱንም ከእሷ ይገዛል፤ ዓይኗን ፈርቶ ግን ቤቷ አይገባም። ስሟ ሲነሳ ቀና አላለችም። ጥፍሯ ሥር የደረቀውን ጭቃ ትፍቅ ነበር።

እየሩስ በሴቶቹ መካከል አጎዛ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ከደብረ ብርሃን በማኅበራዊ ሠራተኛነት ተልካ ይህን የሴቶች ቡድን ካቋቋመች ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ በቀበሌው አዳራሽ ስትሰበስባቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው መሬት መሬት ያዩ ነበር። በኋላ «ለምን እንደ ጽዋ ማኅበር በየወሩ በተራ በየቤታችን አንገናኝም? ያለችንን ቀምሰን እንጫወታለን» ያለችው እሷው ናት። አፋቸው የተፈታው ያኔ ነው። አዳራሹ ውስጥ ማንም የማንንም እንጀራ አይቆርስም ነበርና፣ ተራው አንድ ቀን አማከለች ደጃፍ እንደሚደርስ አላሰበችም።

በትምህርት ቤት ያጠበቁባት አንድ ነገር ነበር፤ ቡድኑ ለራሱ ይወስን፣ አንቺ አትወስኚለት። ስለዚህ ምንም ቢጠይቋት መልሷ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ነው። በሌለችበት «እሜቴ እናንተስ» እያሉ ይጠሯታል። ታውቃለች፤ ትወደዋለችም።

«ወጥ የምትሠሪበት ድስት የማን እጅ ነው?» አለች ጥሩሸዋ ወደ ይዘንጋሽ ዞራ።

«ድስት እሳት ያየ ነው። እሳት ያየ ነገር ንጹሕ ነው።»

«ዳቦም እሳት ያየ ነው» አለች አማከለች።

ሴቶቹ ድምፁ ከወዴት እንደመጣ ያላወቁ ይመስል እርስ በርስ ተያዩ።

«ገብሱን አብቅዬ ብቅሉን አስጥቻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ቤቱንም ለቅልቄዋለሁ። ባሌ የሞተ ጊዜ ለቅሶ የመጣው ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አልቅሶ ተመለሰ። ውደዱኝ አላልኩም። አንድ ቀን፣ እንዲያው አንድ ቀን፣ ቤቴ ሰው ተቀምጦበት ልይ።»

ጥሩሸዋ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ይዘንጋሽ እንኳ እንዝርቷን አንስታ ወደ ፈትሏ ተመለሰች። እየሩስ በልቧ ነገሩ ሊረግብ ነው አለች።

«እኔም ልናገር?»

አስካለ ማርያም ናት፣ የቤቱ ባለቤት። በዓመቱ ውስጥ ስሟን ሲጠይቋት ካልሆነ ድምጿ ተሰምቶ አያውቅም። እየሩስ ፊቷ በራ። «ይናገሩ እንጂ! ይናገሩ!»

«አማከለችን አልጠላትም» አለች አስካለ ማርያም ቆማ። «እንስራዬ የተሰበረ ጊዜ ሌላ አምጥታ ደጄ ላይ አስቀምጣልኛለች። ግን ቡዳ በወዳጁ ይጠናል። እኔ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ፤ የቀረኝ አንድ ነው። በእሱ አልሞክርም። ስለዚህ እሷ ተራ አይኑራት። ተራ የሌለው ደግሞ የማኅበሩ ሰው አይደለም። ሐሳቤ ይኸው ነው።»

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ነጠላዋም አፏ ላይ አልነበረም። እየሩስ ለዚህች ሴት ዓመት ሙሉ የተመኘችላት ይህንኑ ድምፅ ነበር።

«እንግዲህ የልጅ ነገር ከመጣማ…» አለችና ጥሩሸዋ ቃሏን ሳትጨርሰው ቀረች።

አማከለች ወደ እየሩስ ዞረች። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ስትመዘግቢኝ ቡዳ የሚባል ነገር የለም ብለሽኛል። ያንን እዚህም በይልኝ።»

ሁሉም ዞረው እየሩስን አዩዋት። «ትኑር» ብትል «እሺ» እንደሚሏት ታውቃለች፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው መልሰው እሺ ይላሉ። ቀኑ ሲደርስ ግን አንዲትም ሴት አትመጣም፤ ጠላው ይሆመጥጣል። ይህን ሁሉ ልትነግራቸው ፈለገች። ቡዳ የለም ልትልም ፈለገች። አፏ ግን የለመደውን አወጣ።

«እናንተስ… ምን ትላላችሁ?»

አንዷ ሳቋን አፈነች። ከዚያ የአስካለ ማርያምን ሐሳብ ለመደገፍ እጆች ወጡ። የይዘንጋሽ ቀድሞ ወጣ፣ የሌሎቹም ተከተለ፤ በመጨረሻ የጥሩሸዋ እጅ ከትከሻዋ ሳያልፍ ተነስቶ እዚያው ቆመ።

«ታዲያ ወሩ ባዶ እንዳይሆን እኔ እደግማለሁ» አለች ይዘንጋሽ።

«ምን ሲደረግ! እኔ አለሁ አይደል? በግ አርዳለሁ» አለች አስካለ ማርያም።

«ያንን አሮጌ ሙክት? ጥርሳችንን ልታስረግፊን ነው!»

ሳቁ። ተከራከሩ፣ ሐሳብ ሰጡ፣ የአንዷን ሐሳብ ሌላዋ አነሳችው። ወደ እየሩስ ዞሮ የጠየቀ አልነበረም።

አማከለች ተነሳች። ከቤቷ ይዛው የመጣችውን የራሷን ጣሳ ከመሬት አንስታ አተላውን ደጅ ላይ ደፋች፤ ጣሳውን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላም ወጣች። እየሩስ አየቻት። ከአጎዛው ግን አልተነሳችም።

ከአፋፉ የሚመጣው ንፋስ በተከፈተው በር ገብቶ የምድጃውን አመድ አበነነው። አስካለ ማርያም ስለ በጉ የጀመረችውን ሳታቋርጥ ተነስታ በሩን ገፋ አደረገችና፣ እየተናገረች ተመልሳ ተቀመጠች።