ደረት ያልመታችው እህት

በወንድሟ ቀብር ላይ ሴቶቹ ሁሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ ማንጠግቦሽ ብቻ እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ቆመች። አዲስ አበባ እየተመላለሰች ለካንሰር እንደምትታከም የሚያውቀው ሟቹ ወንድሟ ብቻ ነበር። ኪኒኑ የካንሰሩ ሕዋሳት እንዲያድጉ የሚደርሳቸውን መልእክት ይቆርጣል፤ መርፌው የሰውነቷን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ ጨረሩ ያቃጥላል። ሐኪሙም፣ «የደረትሽ ቆዳ ከተላጠ ጨረሩን ለማቋረጥ እንገደዳለን» ብሏታል።

«አንቺ፣ ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ምነው እንዲህ ጨከንሽ?» አሏት ጎረቤቷ እማማ የሺሐረግ።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ፣ ለጨረሩ በቀለም የተሰመረውንና የጠቆረውን የደረቷን ቆዳ አሳየቻቸው። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ነጠላውን መልሰው አለበሷትና እጇን ያዙ፤ በእሷ እጅ የገዛ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።